መንግሥቱ ብቻውን 10፣ ከእሱ በኋላ ሁላችንም 7

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ኳስ ማሳያ ቤት ገብቶ የማያውቅ የእኔ ዕድሜ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ጨዋታው ሲያልቅ ክርክሩ ይጀምራል። ሜሲ ነው ሮናልዶ? ባሎንዶሩ ለማን ይገባው ነበር? አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ይቆጥራል፣ ሌላው ዋንጫ ይቆጥራል፣ ሻይ የቀረበለት ሰው ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። ወሬው ወደ አፍሪካ ሲዞር ደግሞ ዊሃ፣ ኤቶ፣ ድሮግባ፣ ሳላህ ይባላል። የእኛ አገር ሰው ስም ግን አይነሳም። ሰው የሌለን ይመስላል።

አለን። የአፍሪካ ዋንጫ ኮከብ ተጫዋቾችን ዝርዝር ከላይ ጀምራችሁ ብታነቡ ሦስተኛው ስም የእኛ ነው። መንግሥቱ ወርቁ። የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ኮከብ ተጫዋች፣ የዚያው ውድድር የጋራ ኮከብ ግብ አግቢ። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉት 1962 ይላችኋል።)

አንድ ነገር ላስቀድም። በዕድሜ አያቴ የሚሆንን ሰው አንቱ ማለት ነበረብኝ። የሚያውቁትም ጋሽ መንግሥቱ ነው የሚሉት። ግን ስለ ሜዳ ሲወራ አንቱ አያስኬድም፤ በአንቱ ጎል ሲገባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ እሱ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መንግሥቱ የተወለደው በ1932 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለአዊ ሰው ይቺ ዓመት አዲስ አይደለችም፤ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ዓመት ነው። ጣሊያን ገና አልወጣም ነበር። መንግሥቱ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የሚጫወትበት ክለብ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ በተጀመረበት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቷል። እኛ ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራ ላይ ፈረስ አሰልፈን ጉግስና ሽርጥ የምናይበት ቀንም የጊዮርጊስ ቀን ነው። አጋጣሚ ነው፣ ትርጉም አልሰጠውም። ብቻ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ኳሱ። የመንግሥቱ ኮከብነት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁለት ኮከቦች ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ሁለቱም በእኛ ላይ ነው ኮከብ የሆኑት።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተካሄደ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሠረቱት አራት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ከእሷ ጋር ሊጫወት የነበረው ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ አለፈ። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈን። አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። ኮከብ ተጫዋች፣ አድ ዲባ።

ሁለተኛው በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ። አሁንም ግብፅ፣ አሁንም 4 ለ 0። ሦስቱን ያገባው ማህሙድ ኤል ጎሃሪ። ኮከብ ተጫዋች፣ ኤል ጎሃሪ። በዚያው ውድድር ሱዳንም 1 ለ 0 አሸንፋናለች። ሒሳቡን ስንዘጋው በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባብን፣ አንድም አላገባንም።

ሦስተኛውን ዋንጫ ያዘጋጀነው በዚህ ታሪክ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ የቀድሞ የጊዮርጊስ ተጫዋች፣ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1979 ዓ.ም. እስኪያርፉ የመሩት ሰው ናቸው። (እሳቸውን አንቱ ማለት ግድ ነው።) አምበሉ የአስመራው ልጅ ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይጫወታል። መንግሥቱ ያኔ የ21 እና የ22 ዓመት ልጅ ቢሆን ነው። የእኛ ዕድሜ ማለት ነው።

ውድድሩ ላይ የነበሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው። እኛ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳ፣ እና ያኔ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የምትጫወተው ግብፅ። ግማሽ ፍጻሜው ጥር 6 ከቱኒዚያ ጋር ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 2 ለ 0 ተመራን። እስቲ አስቡት፤ በሁለት ዋንጫ አንድ ጎል ያላገባ ቡድን በሜዳው፣ በሕዝቡ ፊት 2 ለ 0 ሲመራ። ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ከእረፍት በኋላ የቀረውን መንግሥቱ ጨረሰው፤ ሁለት ጎል። 4 ለ 2።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሁድ ዋለ። ጥምቀት ዓርብ ነበር፣ ቅዳሜ ቃና ዘገሊላና ሚካኤል፣ እሁድ ደግሞ ኳስ። እንዲህ ያለ ሦስት ቀን አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ያየች አይመስለኝም። ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው በተሰየመው ስታዲየም ተገኝተዋል። እዚህ እኛ ጋ፣ ያኔ አገው ምድር የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃ በነበረበት ጊዜ፣ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ የተጀመረው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በ1957 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮ ያለው በሬዲዮ፣ የሌለው ደግሞ መኪና ይዞት የሚመጣውን ወሬ ነው የሚጠብቀው።

ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ አገባች፤ በደዊ አብደል ፈታህ። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ አቻ አደረገ። ደስታው ሳያልቅ፣ 75ኛው ላይ በደዊ እንደገና። ብዙ ቡድን እዚህ ጋ ይሞታል። ሉቺያኖ 84ኛው ላይ 2 ለ 2 አደረገው። ጭማሪ ሰዓት ተገባ። 101ኛው ደቂቃ ላይ ኢታሎ አገባና በፍጻሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መራን። ከዚያ በኋላ ያሉት አስራ ስድስት ደቂቃዎች እንዴት እንደሄዱ የኳስ ተመልካች የሆነ ሁሉ ይገባዋል። ሁሉም ሰው ሰዓት ነው የሚያየው። 117ኛው ደቂቃ ላይ መንግሥቱ አገባ። 4 ለ 2። አለቀ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

በደዊም እንደ መንግሥቱ ሦስት ጎል ነው ያገባው። ኮከብ ግብ አግቢነቱን ተካፈሉት። ኮከብ ተጫዋችነቱ ግን የመንግሥቱ ብቻ ሆነ።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፤ ተገቢም ነው። በሁለት ጨዋታ ኮከብ ይባላል እንዴ? አራት አገር ብቻ የተሳተፈበት፣ በራስህ ሜዳ፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከቱኒስና ከካይሮ የመጣ ሰው ትንፋሽ በሚያጥረው አየር? እኛ እንጅባራዎች ይህን ክርክር አሳምረን እናውቀዋለን፤ ከቆላ የመጣ ቡድን ሜዳችን ላይ ሁለተኛው አጋማሽ ሲያለከልክ አይተናል። እውነት ነው፣ ረድቷል። ሌላው ደግሞ ሉቺያኖ ይበልጥ ነበር የሚል አለ፤ አምበል ነው፣ በሁለቱም ጨዋታ አግብቷል፣ የ84ኛው ደቂቃ ጎል ባይኖር 117ኛው ደቂቃ የሚባል ነገር አይኖርም። በዚህ የሚከራከረኝ ሰው ቢያሸንፈኝ ብዙም አይከፋኝም። ሉቺያኖ በኋላ ደርግ ሲመጣ አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ፣ እዚያው ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈ። የእሱ ታሪክ ለብቻው ይጻፋል።

ሁለት ጨዋታ ለሚለው ግን መልስ አለኝ፤ መልሱም ከ1954 ዓ.ም. በኋላ ያለው ነው። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ አለው፣ አንድ ቁጥር ብቻውን አያምንም፤ ሌሎቹን ይፈልጋል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።

መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ በአጠቃላይ 10 ጎል አለው። ይህ በውድድሩ መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ከዛምቢያው ካሉሻ ቡዋሊያ እና በ1966 ዓ.ም. በአንድ ውድድር ዘጠኝ ካገባው የዛየሩ ንዳዬ ሙላምባ ጋር እኩል ነው። ለብሔራዊ ቡድን 98 ጨዋታ 61 ጎል የሚል አሃዝም ይጠቀሳል። የወዳጅነቱና የውድድሩ ጨዋታ እንዴት እንደሚቆጠር ስለሚያከራክር እኔ በአፍሪካ ዋንጫው ላይ እቆያለሁ።

ከ1949 እስከ 1962 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሰባት የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ተሳትፋለች፤ አንድም አላመለጣትም። በነዚህ ሁሉ የተጫወተችው ግን 18 ጨዋታ ብቻ ነው፤ ውድድሩ ትንሽ ስለነበር። በ18ቱ ጨዋታ ያገባነው 24 ጎል ነው። ከ24ቱ አስሩ የመንግሥቱ ናቸው። ከመቶ 42 ማለት ነው። መንግሥቱ ሁሉንም 18 ጨዋታ ተሰልፏል ብለን ብናስብ እንኳ በእያንዳንዱ ከግማሽ ጎል በላይ ይደርሰዋል። የምንጊዜም ኮከብ ግብ አግቢው ሳሙኤል ኤቶ በ29 ጨዋታ 18 ነው ያለው። አጠገቡ ነን። ልዩነቱ ኤቶ በውድድሩ ብዙ ጊዜ ሩቅ ከሚሄድ ቡድን ጋር መጫወቱ ነው።

ቁጥሩ ግን እዚህ አያበቃም። ከ1962 ዓ.ም. በኋላ አራት ጊዜ አልፈናል። በ1968 ዓ.ም. ራሳችን አዘጋጅተን 4 ጎል። በ1974 ሊቢያ ላይ 0። በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ 1። በ2014 ካሜሩን ላይ 2። ሲደመር 7። በ12 ጨዋታ፣ በአራት የተለያዩ ትውልዶች፣ ሁሉም አጥቂዎቻችን ተደምረው ሰባት። መንግሥቱ ብቻውን አስር። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ በታሪኳ ካገባችው 31 ጎል ሲሶው ገደማ የአንድ ሰው ነው።

ይህን ስሠራ መጀመሪያ ኮራሁ። ትንሽ ቆይቶ ደነገጥኩ። የመንግሥቱ ድርሻ ይህን ያህል ትልቅ የሆነው እሱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሚካፈለው ስለጠፋም ነው። አንድ አርሶ አደር ከአንድ ጎበዝ ዓመት ምርት ስልሳ ዓመት ከበላ፣ ምርቱን እናወድሳለን ወይስ ከዚያ በኋላ ስላልተዘራው እንጠይቃለን? ባለፉት ዓመታት ዋልያዎቹ የአገር ውስጥ ሜዳ መስፈርት አላሟላም ተብሎ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲጫወቱ ከርመዋል። 1954ን ያዘጋጀች አገር።

ከድሉ በኋላ የነበሩት ዓመታት ሁሉ ጥሩ አልነበሩም። በ1956 ጋና ላይ ቱኒዚያን እንደገና 4 ለ 2 አሸነፍን፣ በጋና 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ ለደረጃ ደግሞ ግብፅ 3 ለ 0 መለሰችልን። በ1958 ቱኒዚያ ላይ ሁለት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባብን። በ1960 ራሳችን አዘጋጀን፣ አዲስ አበባና አስመራ። ኡጋንዳን፣ አይቮሪ ኮስትን፣ አልጄሪያን በተከታታይ አሸነፍንና ግማሽ ፍጻሜ ላይ ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ጣለችን። እኔ ከ1954 ቀጥሎ ትልቁ ቡድናችን ይሄኛው ይመስለኛል። የዚያን ዓመት ፍጻሜ የመሩት ዳኛ ማን ይመስላችኋል? አድ ዲባ። ካርቱም ላይ አራት ያገባብን ሰውዬ ፊሽካ ይዞ አዲስ አበባ መጣ።

በ1962 ሱዳን ላይ ሦስቱንም ተሸነፍን። በአይቮሪ ኮስት 6 ለ 1፤ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ። ለመንግሥቱ ትውልድ የአፍሪካ ዋንጫ እዚያ ላይ አበቃ። በዚያው በፈረንጆች 1970 ፍራንስ ፉትቦል የሚባለው መጽሔት ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ጀመረ፤ የማሊው ሳሊፍ ኬይታ ወሰደው። ያው መጽሔት የሚሰጠው ባሎንዶር ደግሞ እስከ ፈረንጆች 1995 ድረስ ለአውሮፓውያን ብቻ ነበር። ፔሌም አይወዳደርም፣ ማራዶናም አይወዳደርም። መንግሥቱ ኮከብ በተባለበት ዓመት የወሰደው የቼኮዝሎቫኪያው ጆሴፍ ማሶፑስት ነው። እንግዲህ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ ባሎንዶር የሌለው ምን ኮከብ ነው የምትሉ ልጆች፣ በሩ ራሱ ተዘግቶ ነበር። የአፍሪካው በር የተከፈተው ደግሞ እሱ ሊወጣ ሲል ነው።

ገንዘቡስ? ዛሬ የፕሪሚየር ሊጋችን ተጫዋች ደሞዝ በመቶ ሺዎች ብር ይወራል፣ ተጫዋቹም በየዓመቱ ማልያ ይቀይራል። አልፈርድም፤ ሥራ ነው፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ የተሻለ ከፋይ ጋ መሄድ እኔም የምሠራው ነገር ነው። በመንግሥቱ ዘመን ግን ኳስ እንጀራ አልነበረም። እሱ ጊዮርጊስ ገባ፣ ጊዮርጊስ ተጫወተ፣ ጊዮርጊስ ጫማውን ሰቀለ። በኋላም ጊዮርጊስን አሠለጠነ።

አሰልጣኝነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1974 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ሊቢያ ሄደ። ምድቡ ናይጄሪያ፣ አልጄሪያና ዛምቢያ ነበሩበት። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0። በጥቂት ወራት ውስጥ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው አልጄሪያ ናት ይህቺ፤ እሷን ያለ ጎል ማስወጣት ቀላል አይደለም። ግን በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል አላገባንም። የአገሪቱ ትልቁ ጎል አግቢ ዳር ቆሞ ሌሎች ሲስቱ ማየት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቤ አልጨርሰውም። ግብፃዊው ኤል ጎሃሪ፣ ያ በ1951 ሦስት ያገባብን፣ በ1990 ዓ.ም. በአሰልጣኝነት ዋንጫውን ወስዶ በተጫዋችነትም በአሰልጣኝነትም ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእሱ የሚያንስ ተጫዋች አልነበረንም። ከኋላው የቆመው አገር ነው የሚለያየው፤ ግብፅ በየዓመቱ አጥቂ የሚያወጣ ሊግ ነበራት።

ሊቢያ ላይ ከወጣን በኋላ በሩ 31 ዓመት ተዘጋ። መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠብቋል። በየማጣሪያው ስንወድቅ፣ ስለ 1954 ሲጠየቅ፣ አርጅቶ ጠበቀ። ታኅሣሥ 7 ቀን 2003 ዓ.ም. አረፈ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ስሙንም የማውቀው አይመስለኝም።

ከሞተ ዓመት ከአስር ወር በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣው ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ አለፈ። ያን ቀን እንጅባራ አስፋልቱ ላይ ሰው እየጮኸ ሲሮጥ ትዝ የሚለው ብዙ አንባቢ አለ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ፣ ዋንጫውን ከያዘችው ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ፤ እረፍት ሊወጣ ሲል ዛምቢያ አገባች። በአስር ሰው ነው ሁለተኛው አጋማሽ የተጀመረው። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ፣ የጊዮርጊስ ልጅ፣ አገባ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከ37 ዓመት በኋላ ያገባችው የመጀመሪያ ጎል ነው። 1 ለ 1 አለቀ። ቀኑ ጥር 13 ነበር።